የዓባይ መንገድ ከቤት ይጀመራል

ሰው አንድ ሥራ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ የሥራውን ፍጻሜ አስቀድሞ መመልከት ይገባዋል። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱን ሳይቈፍር ስለ ጣራው አይጨነቅም፤ ሩቅ አገር የሚሄድ ነጋዴም ስንቁንና አጋሰሱን ሳያዘጋጅ ከደጁ አይወጣም። ነገር ግን በዘመናችን ወጣቶች ዘንድ ለጉዞ ያላቸው ፍቅር ለዝግጅቱ ካላቸው ትዕግሥት በልጦ ብዙ ጊዜ ይታያል። በተለይም ጉዞው በውሃ ላይ የሆነ እንደ ሆነ፥ የዝግጅቱ ጕድለት የሚታወቀው ለመመለስ በማይቻልበት ስፍራ ነው። አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ማለታቸው ይህንኑ አይተው ነው።

ለዛሬው ጽሑፋችን ምክንያት የሆነን በአንድ ወዳጃችን ቤት የተደረገ ነገር ነው። እኒህ ወዳጃችን በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ፥ ጠጕራቸው የሸበተ ሰው ሲሆኑ ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ልጁ በውጭ አገር ሲማር ሳለ፥ ካያክ በምትባለው አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ጠባብ ጀልባ በፈጣን ወንዝ ላይ መቅዘፍን ለምዶ ነበር። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም ከሦስት ጓደኞቹ ጋራ ሆኖ፥ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ጀምሮ የጎጃም መንገድ ዓባይን እስከሚሻገርበት ድልድይ ድረስ በጀልባ ለመውረድ አሰበ። አሳቡን ለወላጆቹ በገለጸ ጊዜ አባቱ እሺም እምቢም ሳይሉ ዝም አሉ፤ እናቱ ግን ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ወዳጃችን እኛ ስለዚህ ዐይነቱ ጉዞ ጥቂት ማንበባችንን ያውቁ ነበርና በማግሥቱ አስጠሩን። «ብከለክለው ተደብቆ ይሄድብኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ፈቅጄለት ውሃ ቢወስደው ደግሞ ራሴን ይቅር አልልም። እንግዲህ ምን ትመክሩኛላችሁ?» አሉን። እኛም ከመከልከልና ከመፍቀድ በፊት መጠየቅ እንደሚቀድም ነገርናቸው። ጥያቄው ግን በዕውቀት ላይ የቆመ እንዲሆን የወንዙን ጠባይና ከዚህ ቀደም የደፈሩትን ሰዎች ታሪክ አስረዳናቸው። ለአንባቢዎቻችንም ይጠቅማል ብለን ስላሰብን ያንኑ ከዚህ በታች በአጭሩ እንጽፈዋለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዓባይ ከጣና ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ከሱዳን ድንበር ሲደርስ ግን ከፍታው 500 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። እንግዲህ በአገራችን ውስጥ በሚያደርገው 800 ኪሎ ሜትር በሚያህል ጉዞ ከ1,200 ሜትር የበለጠ ይወርዳል ማለት ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ይወረወራል፤ ከዚያ በታች በጥቍር ድንጋይ መካከል ጠብቦ ይሮጣል። ወደ ታች በሄደ መጠንም በረሃው እየጠለቀ ሄዶ፥ በአንዳንድ ስፍራ ከአፋፉ እስከ ውሃው ያለው ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ጥልቀት ውስጥ አንድ ሰው እግሩ ቢሰበር፥ ያን ሁሉ አቀበት በጓደኞቹ ትከሻ ላይ ሆኖ መውጣት ግድ ይሆንበታል።

ውሃ ከድንጋይ ጋራ እየተጋጨ አረፋ የሚደፍቅበትን ስፍራ ፈረንጆች «ነጭ ውሃ» ይሉታል። ኀይሉንም በስድስት ደረጃ ከፍለው ይለኩታል። አንደኛው ደረጃ ሕፃን ሊቀዝፍበት የሚችል ቀስተኛ ወራጅ ነው፤ ሦስተኛው ማዕበሉ ጀልባን የሚያናውጥና ልምድ የሚጠይቅ ነው፤ አምስተኛው ለሊቃውንቱ ብቻ የሚሆን ነው፤ ስድስተኛው ግን እነርሱም ቢሆኑ ከብዙ ምርመራ በኋላ ካልሆነ በቀር የማይሞክሩት ነው። ነገር ግን ይህ ደረጃ ብቻውን አይበቃም። ሐኪም ቤትና መንገድ በአጠገቡ ያለው አራተኛ ደረጃ ውሃና፥ በዓባይ በረሃ ውስጥ ያለው አራተኛ ደረጃ ውሃ በስም አንድ ናቸው እንጂ በአደጋቸው አንድ አይደሉም።

አሁን ደግሞ ወንዙን ስለ ደፈሩት እንናገር። በ1903 ዊሊያም ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ፥ ተገጣጣሚ የብረት ጀልባዎችን በከብት አስጭኖ ወደ ዓባይ አመጣ። ገንዘብም ሆነ ድፍረት አላነሰውም ነበር። ይሁን እንጂ ጀልባዎቹ ውሃው ላይ ከወረዱ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደው ከዐለት ጋራ ተጋጭተው ተሰባበሩ፤ ጉዞውም በዚያው ቀረ። ብረት ለጠንካራ ውሃ የሚሆን መስሎት ነበር፤ ለዚህ ዐይነቱ ወንዝ የሚሻለው ግን ከድንጋይ ጋራ ሲጋጭ የሚለመጠው፥ በአየር የሚነፋው የላስቲክ ጀልባ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚባሉ የእንግሊዝ ጦር መኰንን ብዙ ወታደሮችንና የሳይንስ ሊቃውንትን ይዘው መጡ። እነዚህ ሰዎች በየብስ የሚከተላቸው ረዳት፥ በሰማይም የሚያግዛቸው አውሮፕላን ነበራቸው። ውሃው ድንጋዮቹን እንዲሸፍንላቸው ብለው የመጡት በክረምት ነበር። ጀልባ ሊያልፍበት በማይችልበት ስፍራም ወርደው በእግራቸው መሄድን እንደ ነውር አልቈጠሩትም። ይህን ሁሉ ዝግጅት አድርገው እንኳ ጀልባዎቻቸው ተገለበጡ፤ ሽፍቶችም ተኰሱባቸው፤ ከመካከላቸውም ኮርፖራል ኢያን ማክላውድ የዓባይ ገባር የሆነ ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ሞተ። አንባቢው ይህን ልብ እንዲልልን እንለምናለን። ሰውየው የሞተው ዝናው በተነገረለት በታላቁ አረፋ ውስጥ አይደለም፤ የሞተው ገባሩን ወንዝ በሚሻገርበት ጊዜ ነው። በዚህ ዐይነቱ ጉዞ ሰው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከተፈራው ስፍራ ይልቅ በተናቀው ስፍራ ነው።

በ1972 ማይክ ጆንስ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ከጓደኞቹ ጋራ በካያክ በዓባይ ወረደ። ይህ ሰው በዘመኑ ከሁሉ የላቀ ቀዛፊ ተብሎ የተመሰገነ ነበር፤ ነገር ግን ከስድስት ዓመት በኋላ በፓኪስታን አገር ብራልዱ በሚባለው ወንዝ ላይ ጓደኛውን ለመርዳት ሲሄድ ውሃ በላው። ከዚያም በ2003 ታኅሣሥ ወር ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች ከሰከላ ምንጭ ተነሥተው፥ አራት ወር ያህል ተጕዘው በ2004 ሚያዝያ ወር ሜዲቴራኒያን ባሕር ደረሱ። እነዚህ ደግሞ የመረጡት በጋውን ነበር። እንግዲህ ክረምት ይሻላል ወይስ በጋ ለሚለው ጥያቄ አንድ ቍርጥ ያለ መልስ የለም፤ በክረምት ውሃው በዝቶ ድንጋዩን ይሸፍናል፥ ግን ኀይሉ ይበረታል፤ በበጋ ኀይሉ ይቀንሳል፥ ግን ድንጋዩ ጥርሱን ያወጣል። ጀልባውን፥ ሰዉንና ወራቱን አመዛዝኖ መምረጥ የአለቃው ፈንታ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው፥ እነዚህ ሰዎች የጻፉለት ወንዝና ዛሬ ያለው ወንዝ አንድ አለመሆኑ ነው። በ1996 ጨረጨራ በሚባለው ስፍራ ከጣና የሚወጣውን ውሃ የሚቈጣጠር ግድብ ተሠርቶ አለቀ። በ2010 የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ብዙው የጣና ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይሄድ ጀመር። በታችኛው በኩል ደግሞ በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢልዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ፈጥሮ፥ ቀድሞ ፈጣን የነበረውን ረጅም የወንዙን ክፍል ጸጥ አድርጎታል። እንዲሁም በኦሞ ላይ በ2016 የተመረቀውና 243 ሜትር ከፍታ ያለው የጊቤ ሦስት ግድብ፥ ቀድሞ ጓዦች ይወርዱበት የነበረውን በረሃ ሐይቅ አድርጎታል። ስለዚህ የሃምሳ ዓመት መጽሐፍና ካርታ ይዞ ወደ ወንዝ መውረድ፥ በሞተ ሰው ምስክርነት እንደ መሟገት ይቈጠራል።

ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ ወዳጃችን ልጃቸውን የሚጠይቁትን አምስት ጥያቄ በወረቀት ጽፈን ሰጠናቸው። እነዚህም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፥ ስለ ውሃው። የሚወርዱበት የወንዙ ክፍል የትኛው ነው? የሚጀመርበት፥ በየማታው የሚታደርበትና የሚወጣበት ስፍራ የት የት ነው? በዚያ ወር የውሃው መጠን ምን ያህል ይሆናል? ዛሬ ከሰማይ የተነሡ ሥዕሎችን በመመልከት ጠባቡንና ፏፏቴውን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ይህም ቢሆን በዐይን ማየትን አይተካም፤ መጨረሻው የማይታይ ፈጣን ውሃ በተገኘ ጊዜ ሁሉ ከጀልባ ወርዶ በዳር በኩል ሄዶ መመልከት፥ የሚያጠራጥር ከሆነም ጀልባን ተሸክሞ በየብስ ማለፍ ግዴታ ነው። በየብስ ለማለፍ የሚያፍር ሰው ወደ ወንዝ መሄድ አይገባውም።

ሁለተኛ፥ ስለ ሰው። አለቃው ማን ነው? እርሱ ቢጐዳ የሚተካውስ? ከቀዛፊዎቹ መካከል ከሁሉ የሚደክመው ማን ነው? የጉዞው ፍጥነትና የውሃው ደረጃ የሚወሰነው በብርቱው ሳይሆን በደካማው ነውና። አንዲት ጀልባ ብቻዋን ከመሄድ መቈጠብ ይገባል፤ አንዷ ብትገለበጥ ሌላይቱ ታነሣለች። ደግሞም ማንኛውም ሰው «እኔ ይህን ውሃ አልወርድም» ቢል፥ ሳይዘበትበትና ሳይለመን ቃሉ እንዲከበርለት አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ ስለ ዕቃ። እያንዳንዱ ሰው ከሰውነቱ ጋራ የተስማማ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ፥ የራስ ቍርና በእግሩ ላይ የታሰረ ጫማ ሊኖረው ይገባል። ሰደርያውን ለብሶ ሌላ ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ሲስበው በራሱ በኩል የሚወጣ ከሆነ አይረባም። በየጀልባው የሚወረወር ገመድ በከረጢቱ፥ ፊሽካ፥ ስለት፥ ትርፍ መቅዘፊያ፥ የጀልባ መጠገኛና የመድኃኒት ሳጥን አይታጣም። ምግቡና ልብሱ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ይጫናል፤ ሁሉም ነገር በአንዲት ጀልባ ላይ አይጫንም። ቆላው የወባ አገር ስለ ሆነ አጎበርና መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ የወንዙንም ውሃ ሳያፈሉ ወይም ሳያጣሩ መጠጣት አይገባም። አዞና ጉማሬ በሚገኝበት ስፍራ ከጸጥተኛው ውሃ ዳር ርቆ መስፈር ይሻላል።

ከዕቃው ጋራ ዕውቀቱም ይመረመራል። ከጀልባ የወደቀ ሰው በፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም አይሞክር፤ እግሩ በድንጋይ መካከል ቢያዝ የውሃው ኀይል ደፍቶ ያስቀረዋልና። በጀርባው ተንጋሎ፥ እግሮቹን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ዘርግቶ፥ ጸጥ ያለ ውሃ እስኪያገኝ ይንሳፈፍ፤ ባገኘም ጊዜ በርትቶ ወደ ዳር ይዋኝ። ከድንጋይ ሥር ተገልብጦ የሚሽከረከር ውሃ ሰውን ደጋግሞ ወደ ታች ይጐትታል፤ በውሃ ውስጥ የወደቀ ዛፍም ውሃውን አሳልፎ ሰውን ያስቀራል። እነዚህን ሁለቱን ከሩቅ አይቶ መሸሽ ከማንኛውም ጀግንነት ይበልጣል።

አራተኛ፥ ስለ መውጫ። በሦስተኛው ቀን በበረሃው ጥልቀት ውስጥ አንዱ ቢሰበር፥ በየትኛው የእግር መንገድ፥ በስንት ሰዓት፥ ወደ የትኛው መንደር ይወጣል? ማን ይሸከመዋል? የሳተላይት ስልክ ቢኖር የሚደወለው ለማን ነው? የተደወለለትስ ሰው በምን ይመጣል? ይህ ጥያቄ ለአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የጉዞ ቀን ለብቻው ይመለሳል።

አምስተኛ፥ ስለ ፈቃድና ስለ ጸጥታ። በግራና በቀኝ ያለው አገር በማን አስተዳደር ሥር ነው? አስተዳዳሪዎቹስ፥ የአገር ሽማግሌዎቹስ ስለ ጉዞው ሰምተዋልን? ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዓባይ በረሃ ዳርና ዳር ባሉ አገሮች ጸጥታው እንደ ተናወጠ ሁሉም ያውቀዋል። ውሃውን በብልሃት ማለፍ ይቻላል፤ ማን እንደ ሆነ የማያውቁትን መንገደኛ ከአፋፍ ላይ ሆኖ የሚጠብቀውን ጥይት ግን በመቅዘፊያ መመለስ አይቻልም።

ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በአባቱ ቤት ተሰብስበን ሳለ የጻፈውን ይዞ መጣ። ስለ ውሃውና ስለ ዕቃው የሰጠው መልስ በእውነት የሚያስደንቅ ነበር፤ ስለ ጓደኞቹም ሳያዳላ ጽፎ፥ ከአራቱ አንዱ ለዚህ ወንዝ ገና መሆኑን ራሱ አመልክቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጥቂት ዝም ብሎ፥ «አባባ፥ አራተኛውንና አምስተኛውን መመለስ አልቻልሁም። መውጫ መንገድ የማላውቅላቸው ሁለት ቀኖች አሉ። የአገሩንም ጸጥታ የሚያረጋግጥልኝ ሰው አላገኘሁም» አለ።

አባቱ ሊናገሩ ሲሉ፥ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቡና ሲቀዱ የነበሩት እናቱ ስኒውን አስቀምጠው፥ «እኔም አንድ የምጠይቀው አለኝ። ልጄ፥ መጨነቅ የምጀምረው በስንተኛው ቀን ነው?» አሉት።

ከመካከላችን የሚመልስ አልነበረም። እኛም አምስቱን ጥያቄ ስንጽፍ ይህችን ስድስተኛይቱን ስለ ዘነጋን አፈርን። በዚህ ሥራ የሰለጠኑት ጓዦች ሁሉ ከመነሣታቸው በፊት የሚያደርጉት ይህንኑ ነውና። ይኸውም የጉዞውን መሥመር፥ የሰዎቹን ስምና የጀልባዎቹን ቀለም፥ የሚመለሱበትን ቀንና ሰዓት ጽፈው በቤት ለሚቀር ሰው ይሰጣሉ፤ ከዚያም በላይ፥ «እስከዚህ ሰዓት ድረስ ድምፃችን ካልተሰማ ለእገሌና ለእገሌ ንገሩ» ብለው የመጨረሻዋን ሰዓት ይወስናሉ። ያች ሰዓት ሳትደርስ በቤት ያለው ሰው አይሸበርም፤ ከደረሰች ደግሞ ምናልባት ይመጡ ይሆናል እያለ ቀን አያባክንም። ይህ ወረቀት የሌለበት ጉዞ ቢኖር፥ ጓዦቹ አደጋውን ከራሳቸው ላይ አውርደው በእናቶቻቸው ላይ እንደ ጫኑት ይቈጠራል።

ልጁ ጥቂት ካሰበ በኋላ፥ «እማማ፥ ቀኑን መናገር ስላልቻልሁ ዘንድሮ አልሄድም» ሲል መለሰ። አባቱ የሚሉት ነገር እንደ ጠፋባቸው አየን፤ ለመከልከል ተዘጋጅተው ነበርና። በኋላ ግን፥ «አልከለከልሁህም፤ ራስህ መዝነህ ትተኸዋል። እንዲህ ከሆነ ልትሄድ በምትችልበት ቀን እኔው ስንቅህን አስጭናለሁ» አሉት።

ልጁም በዚያ ዓመት ዓባይን ትቶ ከጓደኞቹ ጋራ በኡጋንዳ አገር ጂንጃ በምትባለው ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ነጭ ዓባይ ሄደ። ምንም እንኳ በ2012 እና በ2019 ሥራ የጀመሩት ግድቦች ከፈጣኑ ውሃ ብዙውን ቢያሰጥሙትም፥ የቀረው ብርቱ ውሃ ነው፤ ደግሞም መንገድ በቅርብ ስላለው፥ ከቀዛፊዎቹ ጋራ አብረው የሚወርዱ ልምድ ያላቸው መሪዎችም ስለሚገኙበት ለመማሪያ የተመቸ ነው። ከመሄዱም በፊት አንድ ወረቀት ጽፎ ለእናቱ ሰጣቸው። በመጨረሻው መሥመር ላይ፥ «እሑድ ማታ እስከ 12 ሰዓት ካልደወልሁ ከዚህ በታች ለተጻፉት ሁለት ሰዎች ንገሩ» የሚል ነበረበት።

በዚያ እሑድ እኛም ከወዳጃችን ቤት ነበርን። እመቤቲቱ እንደ ወትሮው እንግዳ ሲያስተናግዱ ዋሉ፤ ወረቀቱ ግን በእጃቸው ላይ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ስልኩ ተደወለ። አባትየው ለመነሣት ሲቸኵሉ፥ እመቤቲቱ ቀድመው አንሥተው የልጃቸውን ድምፅ ከሰሙ በኋላ፥ «ገና ሁለት ሰዓት ነበረህ» አሉት፤ ሳቁም። ወረቀቱንም አጣጥፈው በመሳቢያቸው ውስጥ አኖሩት፤ አገር ጸጥ ሲል ለሚመጣው ለሌላው ጉዞ ምሳሌ ይሆናልና።

ስለዚህ ወላጆች የሆናችሁ አንባቢዎቻችን፥ ልጆቻችሁ ወንዝ መውረድን ወይም ይህን የሚመስል ብርቱ ነገርን ባሰቡ ጊዜ ለመከልከልም ለመፍቀድም አትቸኵሉ፤ ጠይቋቸው። ወጣቶች የሆናችሁ ደግሞ፥ ድፍረታችሁን የሚጠራጠር ሰው የለምና ድፍረታችሁን ለማሳየት አትድከሙ፤ ይልቁንም መልሳችሁን አዘጋጁ። ከሁሉ አስቀድሞ በቤት የምትቀረው እናት መጨነቅ የምትጀምርበትን ቀን ለይታችሁ ንገሯት። ያን ቀን መናገር የቻለ ሰው ለጉዞው ደርሷል፤ ያልቻለ ግን ወንዙ ስለማይሸሽበት ለሚመጣው ዓመት ይቆይ እንላለን።